አራት ደቂቃ ዝም በል

ዳንግላ ላይ «አስተርጓሚው ክንዴ» ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቴን የማያሳያችሁ የለም። ምላሴ አብልቶኛል፣ አልብሶኛል፣ ሚስትም አጋብቶኛል። አንድ ሰው ደግሞ ገድሎብኛል። ገደለው ስላችሁ አፈር አለበስነው ማለቴ አይደለም፤ ቆሞ ሲሄድ ሁለት ዓመት አየሁት። ስሙ አበረ ይባላል። ስለ እሱ የምነግራችሁም በዚያው ምላስ ነው፤ ሌላ የለኝም።

የተወለድኩት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ነው። አገውኛን ከእናቴ፣ አማርኛን ከገበያ፣ ግእዝን ከቅኔ ቤት ተማርኩ። ቅኔውን ሳልጨርስ እከክና ረሀብ ተባብረው አባረሩኝ። ትርጓሜ ቤትም ገብቼ ነበር፤ ገብቼ ነበር ከማለት ደጁን ረግጬ ተመለስኩ ማለት ይሻላል። የትርጓሜ መምህር አንድ ቃል ሲያገኝ እንዲሁ አያልፈውም። «ምን ማለት ነው?» ይልና ይፈታዋል። ፈትቶም አይተወውም፤ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምርበታል፤ «አንድም» ይልና ሦስተኛ ይደርባል። እኔ ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት እውቀቱን ሳይሆን አመሉን ነው። ፍቺ የሌለው ነገር ሳይ ያ የድሮው እከክ ይነሳብኛል።

ሥራችን እንዲህ ነበር። መሥሪያ ቤታችን አንዲት ላንድሮቨር፣ አንድ የመብራት ሞተር፣ አንድ የፊልም ማሳያ ማሽንና ስድስት ጥቅል ፊልም ነበረው፤ ስለ ወባ፣ ስለ ቅማል፣ ስለ ሽንት ቤት። ከገበያ ገበያ እየዞርን የነጋዴ መጋዘን እንለምናለን። ቀን ስለሆነ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱንና የቆርቆሮውን ቀዳዳ በጆንያ እንደፍናለን፤ ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ እንወጥራለን። ማሽኑን የሚያሠራው አበረ ነው። ፊልሙ የሚናገረው እንግሊዝኛ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል፤ እኔ ማይክሮፎን ይዤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በአገውኛ አስተረጉማለሁ። እውነቱን ልናገርና እንግሊዝኛ አላውቅም። የሚባለው ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር፤ ወረቀቱ ሲጠፋ ከራሴ ቀጠልኩ። ልዩነቱን ያወቀ ሰው አልተገኘም።

አበረ የቡሬ ልጅ ነው። ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፤ በቅሎ የሚያባብል ነው የሚመስለው። አገውኛ አንድ ቃል አያውቅም። አማርኛውንም ቢሆን በቁጠባ ነው የሚናገረው። እኔ የምለፈልፈው ለሁለታችንም ስለሚበቃ ተስማምተን እንኖር ነበር፤ በአንድ ሳህን እንበላለን፣ መንገድ ላይ ስናድር አንድ ብርድ ልብስ እንሻማለን።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ላይ፣ ላንድሮቨሯ ወንዝ መሃል ቆመችብን። ገበሬዎች በበሬ ጎትተው አወጡን፤ የወባው ፊልም ያለበት ጣሳ ግን ውሃ ጠጥቶ ኖሯል። ዳንግላ ገብተን፣ ክረምቱ መንገዱን ዘግቶ፣ ዕቃውን ስናራግፍ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አበረ ጣሳውን ሲከፍተው የሞተ አይጥ ሸተተ።

«ጣለው» አልኩት።

«እስቲ ልየው» አለና ማሽኑ ላይ ጫነው።

ያ በየገበያው መቶ ጊዜ ያስተረጎምኩለት ነጭ ሐኪም መጣ። አፉን ሲከፍት ጉንጩ ፈሰሰ። ዓይኑ ከፊቱ ወርዶ ሰማያዊ ጠብታ ሆነና ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሐኪምም የለም፣ ወባም የለም፣ ቤትም የለም። ብጫ በአረንጓዴ ላይ ይዘረጋል፤ ጥቁር ነጥብ ይፈላል፣ ይሰነጠቃል፣ መልሶ ይገጥማል። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውም እንግሊዝኛ አልነበረም። ጉምጉም ይላል፤ ይጠፋል፤ ጠፋ ስትሉት ከተቀመጣችሁበት ሥር ይመጣል።

እኔ ሳቅሁ። አበረ አልሳቀም። ሲያልቅ መልሶ ጠቀለለውና እንደገና አሳየው። አምስት ጊዜ አሳየው።

«ምኑን ነው የምታየው?» አልኩት።

«እንጃ።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

«ለምን የሆነ ነገር ማለት አለበት? ዝናብ ሲዘንብ ምን ማለት ነው ትላለህ?»

«ዝናብማ ምሕረት ነው» አልኩት። «አንድም ትምህርት ነው። አንድም…»

«ተወው» አለኝ።

ክረምቱን መኪናዋ ስለማትንቀሳቀስ ሥራ የለም። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ገበጣ ሲጫወት አበረ በዕቃ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀመጠ። የተበላሸውን ፊልም ገሚሱን በበረኪና እያጠበ ገላጣ አደረገው፤ ገሚሱን እንደ ጨለመ ተወው። የጨለመውን በሚስቱ በእህተማርያም ወስፌ ይጭረዋል፤ ገላጣውን በቀለም ይነካካዋል። ቀለሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጥቁሩንም ቀዩንም የብራና ቀለም መቀመም ከተማሪ ቤት አውቅበታለሁ፤ ቀዩን በተለይ አሳምሬ ሠራሁለት። ይህንን ያዙልኝ፤ ቀዩ ቀለም የኔ ነበር።

አንድ ቀን ድምፁ እንዴት እንደሚሠራ አሳየኝ። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ክር የምታህል መንገድ አለች፤ የማሽኑ ብርሃን በእሷ ሲያልፍ በተቆራረጠ ቁጥር ድምፅ ይሆናል። ጭረቱን አጠጋግተህ ከጫርከው ቀጭን ድምፅ ይወጣል፣ አራርቀህ ከጫርከው ወፍራም። ንግግርም ዘፈንም ሳያስፈልግ፣ አፍ ሳይከፈት፣ በወስፌ ጫፍ ድምፅ ይወለዳል ማለት ነው። ይህን ሲነግረኝ ያ ቁጥብ ሰው ቃል ቃልን እየገፋበት ይንተባተብ ነበር። ለአንዲት ሰከንድ ሃያ አራት ሥዕል ያስፈልጋል። እሱ የፈለገው አራት ደቂቃ ነው። እናንተው አስሉት፤ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ያልፋል። ዓይኑ ደም መሰለ። እህተማርያም «ባሌን ጠበል ልውሰደው ይሆን?» ብላ ብታማክረኝ «ወስፌሽን ካልመለሰ ውሰጂው» አልኳት።

ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠራኝ። ዕቃ ቤቱን ዘጋና ለእኔ ብቻ አሳየኝ።

ምን እንዳየሁ ልነግራችሁ አልችልም፤ ነገሩ ለመናገር የሚሆን አልነበረም፤ ጉዳዩም ይኸው ነው። ነጭ ጭረቶች በጨለማው ላይ ይወርዳሉ፤ ቀስ ብለው ይበዛሉ። ድምፁ አብሯቸው ይወርዳል፤ ከእነሱ ቀድሞ ሲደርስ ትደነግጣለህ፣ ሲዘገይ ትጠብቀዋለህ። ቀይ ይመጣል፤ ብቻውን ይቆያል። ከዚያ ድምፁ ጭራሽ ይቆምና ቀዩ ብቻ ይንቀጠቀጣል። የምንም ነገር ድምፅ አይደለም፤ ነገር ግን የሆነ ቦታ፣ ከመወለዴም በፊት ቢሆን፣ ሰምቼዋለሁ አልኩ። ዓይኔ ረጠበ። አባቴን ከቀበርን ወዲህ እንዲያ ሆኜ አላውቅም። ለአራት ደቂቃ «አንድም» ማለት ረሳሁ።

ሲያልቅ ትዝ አለኝ። «አበረ፣ ግን ምን ማለት ነው?»

«አየህ፣ ሳትጠይቅ አታድርም!» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀብኝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ለሰው ላሳየው ነው፣ ክንዴ። እንጅባራ ላይ፣ ለገበያተኛው። እኔ ያየሁትን አንድ ሰው ካየልኝ ይበቃኛል። አንድ ሰው። አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ አራት ደቂቃ ዝም በል።»

«በአማርኛ ነው በአገውኛ?» ብዬ ቀለድኩ።

«በሁለቱም» አለ።

«ሚካኤል ምስክሬ ነው» ብዬ ማልኩለት። ስምል ከልቤ ነበር። የማይረባ ሰው ሁልጊዜ ሲምል ከልቡ ነው።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅ እንጅባራ ወጣን። የቆዳ ነጋዴ መጋዘን ተለመነ። ገበያተኛው ከነሸክሙ ገባ፤ ሁለት መቶ ይሆናል፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ገበየሁ ያን ቀን እኛን ሊጎበኙ መጥተው ኖሮ ከፊት ወንበር ተሰጣቸው። መልካም ሰው ናቸው፤ አይቆጡም፤ ብቻ ሁሉ ነገር ለሪፖርት እንዲመች ይወዳሉ። ከወንበራቸው አጠገብ አንዲት አሮጊት ቅቤያቸውን ሸጠው ባዶ ቅላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። በኋላ ስማቸው እታለማሁ መሆኑን ሰማሁ።

መጀመሪያ የቅማሉ ፊልም ታየ፤ እኔም እንደ ልማዴ በሁለቱም ቋንቋ አስተረጎምኩ። ከዚያ አበረ የራሱን ጫነ። ወደ እኔ አየ። ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ እጄን ደረቴ ላይ አጣጠፍኩ። ማሽኑን መታ መታ አድርጎ አስነሳው፤ ድምፁንም ከፍ አደረገ።

ጭረቶቹ መውረድ ጀመሩ። መጋዘኑ ጸጥ አለ። የገበያ ሕዝብ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያስላል፣ ይጣራል፣ ሸክሙን ያስተካክላል። ያን ጊዜ የሚያስል እንኳ አልነበረም። ያ ድምፅ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሲዞር ይሰማል። አንድ ደቂቃ ያህል ሆነ። አቶ ገበየሁ አንገታቸውን አዞሩና አዩኝ።

ይህን ነገር ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ ሳወራውም «አቶ ገበየሁ ‹አስተርጉም እንጂ!› ብለው አዘዙኝ፤ የአበረ እንጀራ እንዳይቋረጥ ፈርቼ ተናገርኩ» ነው የምለው። ውሸት ነው። አላዘዙኝም። አዩኝ ብቻ። ምናልባትም አንገታቸውን አሟቸው ይሆናል። እኔ ግን ሁለት መቶ ሰው እያዳመጠ፣ የሚያዳምጠውም እኔን አለመሆኑን መቻል አቃተኝ። ያ እከክ ከእግሬ ተነስቶ ምላሴ ላይ ደረሰ። እጄ ማይክሮፎኑን አነሳ።

«ይህ የምታዩት» አልኩ በአማርኛ፣ «የሰው ደም ሥር ነው። በውስጡ የሚወርደው ወባዋ ናት።» በአገውኛም ደገምኩት። ሕዝቡ «እህ!» አለ፤ እፎይ አለ። እንዲያ ሲል ጊዜ ማን ይመልሰኝ? «ቀዩ ደም ነው። አንድም ትኩሳቱ ነው። ቆላ ወርዳችሁ ስትመለሱ ሰውነታችሁን የሚያንቀጠቅጠው ይኸው የምትሰሙት ድምፅ ነው። ነጩ መድኃኒቱ ነው፤ ተመልከቱት ሲያሳድዳት!»

አበረ የድምፁን ቁልፍ ይዞ ወደ መጨረሻው ከፍ አደረገው። እኔም ጮኽኩ። አቶ ገበየሁ ፊታቸውን ሳያዞሩ እጃቸውን ብቻ አንስተው «አበረ፣ ድምፁን ቀንስ፤ አስተርጓሚው አይሰማም» አሉ።

አበረ ቀነሰው። ፊቱን አላየሁትም፤ ጨለማ ነው። እጁን ግን በማሽኑ ብርሃን አየሁት፤ ቁልፉን ቀስ እያደረገ እስከ መጨረሻው አዞረው። ያ ድምፅ ጭራሽ ጠፋ። የቀረውን ሁለት ደቂቃ ተኩል የሞላሁት እኔ ነኝ።

ሲያልቅ ጭብጨባው መጋዘኑን ሞላው፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ገበየሁ ተነስተው አበረን በሁለት እጃቸው ጨበጡትና «ወንድሜ፣ ይህን የመሰለ ትምህርት በገዛ እጅህ? ለበላይ አካል እጽፋለሁ!» አሉት። አበረ አመሰገነ። ምን ያድርግ?

ሰዉ ሲወጣ እሜቴ እታለማሁ ቅላቸውን ታቅፈው ወደ እኔ መጡ። እጅጌዬን ያዙና በአገውኛ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ልጄ፣ ምነው ተናገርክ? እኔ እኮ እየሰማሁ ነበር» አሉኝ። የአነጋገር ዘዬያቸው የጥርባ ሐይቅ በኩል ነው። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ወጡ።

አበረ ፊልሙን እየጠቀለለ አይቶን ኖሯል። «ምን አሉ?» አለኝ።

«ወባን ተማርን፣ እግዜር ይስጣችሁ አሉ» አልኩት።

አንድ የሚያስተረጉም ሰው ነበር የሚያስፈልገው፤ እሱም እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልበለው። የአቶ ገበየሁ ደብዳቤ ምስጋና አስገኘ። የአበረ አራት ደቂቃ «የወባ በደም ውስጥ አካሄድ» ተባለና በፕሮግራም ተያዘ። በየገበያው ይታይ ጀመር፤ ከእኔ ንግግር ጋር፤ ድምፁ ተዘግቶ። አበረ ፊልሙ እንዲመለስለት በጽሑፍ ጠየቀ። የተሠራበት ፊልም የመንግሥት ንብረት ስለሆነ አይቻልም ተባለ። እኔ ደግሞ ከወር ወር እያሳመርኩት ሄድኩ። ወባዋን ሴት ወይዘሮ አደረግኋት፤ መድኃኒቱን ጎራዴ የያዘ ጎበዝ። ሕዝቡ ይስቅልኛል። ጃንጥላና ካፖርት ተሸለምኩ። አበረ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ብቻ ከዚያች የእንጅባራ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን አልበላም። መንገድ ላይ ስናድር ብርድ ልብሱን ለእኔ ይሰጠኝና እሱ መኪናዋ ውስጥ ይተኛል።

እንዲህ ያለ ነገር ከስድብ ይብሳል። ስድብማ ብሰደብ መልስ አላጣም ነበር።

በሃምሳ ዘጠኝ ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ አዲስ ቅዳም ገበያ ደረስን። እዚያ ስንሄድ አራተኛ ጊዜያችን ነው። መጋዘኑን ደፍነን ሰዉ ሲገባ አበረ አጠገብ ሄድኩ። «ዛሬ ዝም እላለሁ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «በሁለቱም» አልኩት።

ፊልሙን ከጫነ በኋላ ያን ለዚህ ፊልም ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍቶት የማያውቀውን የድምፅ ቁልፍ በጨርቅ ጠረገው። ጠርጎም በጣቱ ትንፋሽ ያህል ከፈተው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሠርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም።

ጭረቶቹ ወረዱ። ድምፁ መጣ፤ አርጅቷል፣ ይንኳኳል፣ ፊልሙ ብዙ ስለተመላለሰ ቆስሏል፤ ግን እሱ ነው። እኔ እጄን አጣጥፌ፣ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። አስር ሰከንድ። ሃያ ሰከንድ።

ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ምነው ክንዴ፣ አንቀላፋህ እንዴ?» አለ። ሳቁ። ዝም አልኩ።

«ወባዋ መጣች!» አለ ሌላው።

«እመት ወባ ናት! እዩዋት ስትቆነን!» አለች አንዲት ሴት፣ የእኔን ድምፅ እያስመሰለች። ከዚያ ከግራም ከቀኝም፣ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአገውኛ፣ የእኔን ቃል እየተቀባበሉ ወረዱበት። «ቀዩ ደም ነው! አንድም ትኩሳት ነው!» ነጩ ሲመጣ ደግሞ በእግራቸው መሬቱን እየደበደቡ «በለው! በለው!» ይላሉ። አንዲት ቃል አልሳቱም። ስንቱን ያስተማርኩት ሕዝብ እንዲህ አጥንቶልኝ አያውቅም።

አበረ ማሽኑን አጠፋው።

ጆንያው ሲገለጥና ሰዉ እየሳቀ ሲወጣ እሱ ፊልሙን ይጠቀልላል። «አየህ» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ንዴት የለም፤ «አሁን አንተ ዝም ብትልም ንግግርህ ዝም አይልም።»

ቢመታኝ በወደድኩ። እሱ አልመታኝም፤ ስለዚህ ራሴን ልምታው ብዬ ነው መሰለኝ፣ ያን ሁለት ዓመት የዋጥኩትን ተፋሁት። «እንጅባራ ላይ ያሉት አሮጊት» አልኩት፣ «ወባን ተማርን አላሉም። ‹ምነው ተናገርክ? እኔ እኮ እየሰማሁ ነበር› ነው ያሉኝ።»

እጁ ጥቅልሉ ላይ ቆመ።

«አንድ ሰው ነበረኝ ማለት ነው» አለ። «አንድ ሰው ነበረኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ ዘንድ አስቀመጥካቸው።» ከዚያ ጥቅልሉን በጣሳው ከተተና ጣሳውን ብብቱ ሥር ያዘ። «እሳቸው ዘንድ ውሰደኝ።»

እሑድ ጠዋት ላንድሮቨሯን መንገድ ዳር አቁመን ወደ ጥርባ በእግር ወጣን። ጣሳውን አልለቀቀም። ጥርባ ላይ ማሳያ ማሽን የለም፣ ሞተር የለም፤ ምን ሊያደርገው እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ምናልባት ፊልሙን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ሊያሳያቸው ይሆናል። ወይም እጃቸው ላይ ሊያስቀምጥላቸው ብቻ። እየጠየቅን ስንሄድ የእታለማሁ ቤት ከጥርባ ሐይቅ አፋፍ በታች መሆኑን ነገሩን። የነገሩን ሰዎች ሌላም ነገር ሊሉ ይመስሉ ነበር፤ እኔ ችኩል ነኝ፣ አልጠበቅኋቸውም።

ደጁ ላይ አንዲት ሴት ኩበት ትጠፈጥፋለች። ልጃቸው ይታይሽ ናት። እጇ ስለቆሸሸ ክንዷን ሰጠችን፤ ክንዷን ጨበጥን። በአገውኛ እናቷን ስጠይቃት በቆሸሸ እጇ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አመለከተች። ባለፈው ሰኔ ነው አለች።

አበረ አልገባውም ብዬ ልነግረው ስዞር ገብቶት ኖሯል። ቋንቋው ሳይሆን እጇ ገብቶታል። ጣሳውን አጥብቆ ይዞ ቆሟል።

ይታይሽ ጣሳውን አየች፤ አበረን አየች። «የሲኒማው ሰዎች ናችሁ?» አለችኝ። ነን አልኳት። ፊቷ በራ፤ ምን ልበላችሁ፣ ደስ አላት። ከዚያም ኩበቷን ትታ ማውራት ጀመረች። ስትጨርስ አበረ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለች?»

ልዋሽ እችል ነበር። አሁንም ቢሆን አገውኛ አያውቅም። የሚያምር ነገር፣ የሚያጽናና ነገር፣ ሁለት ሦስት «አንድም» ያለበት ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል አስተረጎምኩ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ የራሴን ድምፅ እየሰማሁ።

«‹እናቴ እስክትሞት ድረስ ስታወራው ነበር› አለች። ‹እንጅባራ ላይ አንድ ነገር ሰማሁ፣ ስም የለውም፣ ልቤን አሳረፈው፣ ጥቂት ሰምቼ ተቋረጠብኝ ትለን ነበር። ገበያ ውለን በተመለስን ቁጥር መጥተዋል? ትለናለች። መጥተዋል ስንላት፣ ያ ለፍላፊ አሁንም አብሯቸው ነው? ትላለች። አዎ ስንላት፣ እንግዲያ አልሄድም፤ እሱ ሲሞት እሄዳለሁ ትል ነበር። ታዲያ ለፍላፊው ሞተ ወይ?› ብላ ትጠይቅሃለች።»

አበረ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲህ አሁን ዝም በል።»

ጣሳውን ለይታይሽ ሰጣት። ምን እንደሆነ እንድነግራት እሷ ወደ እኔ ብታይም አፌን አልከፈትኩም። እሷም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ከጥርባ እስከ መኪናዋ፣ ከመኪናዋ እስከ ዳንግላ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ በማግስቱ አበረ ሥራውን ለቆ ወደ ቡሬ ሲሳፈርም አልተናገርኩም። ከአራት ደቂቃ ብዙ የሚበልጥ ጊዜ ነበር። አልከበደኝም።